ሰማዩ ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች

እናንተ ክረምት ሲገባ ምን እንደምትሠሩ አላውቅም፤ እኔ ሰው አስቸግራለሁ። በበጋ ጨዋ ነኝ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ አሻሽጣለሁ፤ ሻጭን ከገዢ፣ ገዢን ከጫኝ፣ ጫኝን ከሹፌር ሳገናኝ እውላለሁ፤ ማታ ስገባ ደክሞኝ ነውና ማንንም አልነካም። ክረምት ሲመጣ ግን አሮጌው ሰሊጥ አልቆ፣ አዲሱ ገና ከመሬት ቀና ሳይል፣ ጥቁሩ አፈር ዝናብ ጠጥቶ ጫማ ከእግር መንጠቅ ይጀምራል። ሎሪው ባለበት ይከርማል። ሎሪ ይችልበታል፤ እኔ አልችልበትም። ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ጥላ እስከ ግቢው በር፣ ከበሩ እስከ ራኩባው ስመላለስ ጭቃው ላይ የራሴን መንገድ አወጣሁ።

ዝም ብዬ ብመላለስ ደግ ነበር። ስመላለስ ዐይኔ የተበላሸ ነገር ይፈልጋል፤ ከታጣ ደህናውን ይፈልጋል። የውኃ ቧንቧውን አጠበቅሁና ጎረቤት ድረስ አጥለቀለቅነው። የባለቤቴን የአለምነሽን ምድጃ አሻሻልሁላት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳት የምታነደው ፊቷን አዙራ ነው።

"ይኸን ሰውዬ አንድ ነገር አስይዙልኝ" ስትል ሰማኋት፤ "አለዚያ እናቴ ቤት እሄዳለሁ።"

እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

መፍትሔውን ያመጣችው ልጄ ራሔል ናት። ራሔል እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛዋ ሲነሣ የጎንደር ነው፣ ሲያርፍ የሱዳን። በጦርነቱ ከኻርቱም ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች የቤታቸውን ዕቃ ዘርግተው ከሚሸጡበት ቦታ አንድ ካርቶን ይዛ ገባች።

"ያባ፣ እንካ። ፐዝል ይባላል።"

ካርቶኑ ላይ ስዕል አለ፤ አናቱ ነጭ የሆነ ተራራ፣ ከሥሩ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር ጣራው ቀይ የሆነ ቤት፣ አንዲት ጀልባ። ከላይ ደግሞ ሰማይ፤ ደመና የሌለበት፣ ወፍ የማይበርበት፣ የስዕሉን እኩሌታ የያዘ ሰማይ። ካርቶኑን ስከፍተው ውስጡ ቁርጥራጭ ሞልቷል።

"ማን ቆራረጠው?" አልኋት።

"ፋብሪካው።"

"ለምን?"

"አንተ እንድትገጥመው።"

"ሳይቆርጡት ቢተዉትስ?"

"ያባ!" አለችና ሄደች።

ለብቻዬ አሰብሁበት። እኛ ገበያ አንድ ሰው መጥቶ ደህናውን ጆንያ ቀዶ "ስፉልኝ" ቢል ዘመዶቹን ነው የምንጠራለት። እንዲያም ሆኖ እጄ ሥራ አልነበረውምና አንዲት ቁራጭ አነሣሁ። ቀይ ናት። ሌላ ቀይ አነሣሁ። ወዲህ አዞርሁ፣ ወዲያ አዞርሁ፤ ድንገት አንዷ ከአንዷ ገጠመች። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በጣቴ ጫፍ ገብቶ እስከ ትከሻዬ የተሰማኝ ደስታ ነው። የቤቱ ጣራ ጀመረ! ቀና ስል አለምነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች። ምሳ ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ ተነሥቶ ነበር። አማተበችና ተመለሰች።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ! የሰሊጥ ሰው ነኝና መለየት እንጀራዬ ነው። ተራራውን በወጥ ሳህን፣ ሐይቁን በመታጠቢያው ሳፋ፣ ሰማዩን ምግብ በምናቀርብበት በትልቁ ሲኒያ ለየሁት። አለምነሽ እራት ልታቀርብ ሲኒያውን ብትፈልግ ሰማይ ሞልቶበታል።

"ምን ላይ ልንበላ ነው?" አለችኝ።

"ከድስቱ እንብላ። ድሮስ ከድስት ነው የሚጣፍጠው።"

ከድስት በላን። መጀመሪያ ሰሞን ሳቅን። ኋላ ኋላ የምስቀው እኔ ብቻ ሆንሁ።

ቀጥሎ የሚዘረጋበት ሰፊ ነገር ጠፋ። ጠረጴዛችን ጠባብ ነው፤ አልጋ ላይ ብዘረጋው ደግሞ የት ይተኛል? ግቢውን ስዞር የጓዳው በር ላይ ዐይኔ አረፈ። ልሙጥ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ቀለሙም ደህና ነው። ነቀልሁት። ሳሎን ውስጥ ጆንያ ላይ አጋደምሁትና ለጓዳው መጋረጃ ሰቀልሁ። አለምነሽ ከገበያ ስትመለስ የምትከፍተው በር አጣች።

በር የሌለው ጓዳ ደግሞ ለዶሮ ግብዣ ነው። ዶሮዋ ገባች፣ እህል ለቀመች፣ ጠግባ በሳሎን በኩል ስትወጣ የቀዩን ቤት መስኮት ዋጠች። በዐይኔ ነው ያየኋት። አለምነሽ "እንረዳት" ብትል እሺ እል ነበር፤ ግን እንቁላል ጣይ ናት አለችና ከለከለች። ስለዚህ ዶሮዋን በቅርጫት ከድኜ እጠብቃት ጀመር። ሰው ዶሮ ሥር ተቀምጦ እንቁላል ይጠብቃል፤ እኔ የጠበቅሁትን ጎረቤት ሲጠይቀኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ቸግሮኝ ነበር። ብቻ ተገኘ። ታጠበ። ገጠመም፤ ትንሽ አብጧል እንጂ።

ጎረቤት ያልሁት ሐጂ ኑሩን ነው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ በዚያ በክፉው ዘመን እንደኛው ተሰደው መጥተው፣ እንደኛው ነገ እንመለሳለን ሲሉ እዚሁ አርጅተዋል። ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት መልስ ብቅ ብለው "ይኸ የት አገር ነው?" ይሉኛል ስዕሉን። "በረዶ ያለበት አገር ነው" እላለሁ። "ሰዎቹ የት ሄደው ነው ጀልባዋ ባዶ የሆነችው?" ይላሉ። ይህን ሲሉ አንዲት ቁራጭ አንሥተው፣ ሳያዞሩ፣ ሳያስቡ፣ ልክ ቦታዋ ላይ ያስቀምጧታል። እኔ ከጠዋት ጀምሬ የፈለግኋትን! አንድ ቀን እንደ እንግዳ ታገሥሁ። ሁለተኛ ቀን በስመ አብ ብዬ ታገሥሁ። ከዚያ በኋላ የሐጂ ከዘራ ከሩቅ ሲሰማ ሥራዬን በጨርቅ እሸፍን ጀመር። እርሳቸውም ወሬ እያወሩ ጨርቁን በከዘራቸው ጫፍ ገለጥ ያደርጉታል።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው የልጄ ነገር የመጣው።

ይበልጣል የሚባል ልጅ አለ። ከጎንደር አካባቢ የዛሬ ጥቂት ዓመት መጥቶ እዚህ ከተማ ራክሻ፣ ባለሦስት እግሯን ባጃጅ፣ ይነዳል። ራሔል ወደደችው፤ እሱም ወደዳት። ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ቅዳሜ ራሔል አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እኔ ሰማይ ላይ ነበርሁ። ተራራው አልቋል፣ ሐይቁ አልቋል፣ የቀረኝ የሰማዩ መሀል ነው፤ ሁሉም ቁራጭ አንድ ዐይነት ሰማያዊ ነውና ሰው የሚያሳብደው እሱ ነው።

"ያባ፣ እየሰማኸኝ ነው?"

"እየሰማሁሽ ነው።"

"ይበልጣል ሊቢያ ሊቢያ ይል ነበር። አሁን ትቼዋለሁ ይለኛል። ለኔ ብቻ ያለውን ግን ነገ የሚያሻግረው ደላላ ሲደውልለት ይረሳዋል። በሽማግሌ አፍ ይምጣልኝ። ሳታስቀምጣቸው በፊት ጠይቅልኝ። ይሄዳል ካሉ አልፈልግም። ወላሂ አልፈልግም።"

ክርስቲያን ልጅ "ወላሂ" ስትል ድሮ እንቆጣት ነበር፤ አሁን እናቷም ትላለች። ነገሩ ግን የዋዛ አልነበረም። የመድኃኒት ቤት ጓደኛዋን አግብቶ የሙሽርነት ልብሷ ሳይታጠብ በበረሃ የሄደ ሰው አለ። ያቺ ልጅ እስካሁን በምሳ ሰዓት ስልኩን ትሞክራለች። ራሔል አጠገቧ ተቀምጣ ያን የማይነሣ ስልክ አብራ ስትሰማ ነው የከረመችው።

"ሳታስቀምጣቸው" ያለችው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሌላው አገር እንዴት እንደሆነ እንጃ፤ እዚህ እኛ ሰፈር ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። የልጅቱ አባት የሚጠይቀው ነገር ካለ ሽማግሌው ቆሞ ሳለ ይጠይቃል። ሽማግሌው በቆመበት የመለሰው ቃል ዋስትና ነው፤ ልጁ ቢያጥፈው ሽማግሌው ያፍርበታል፣ እድሩም ገበያውም ይሰማዋል። አባትየው "ተቀመጡ" ካለ ግን ልጁን ሰጠ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም፤ ሻይ ነው ያለው።

"እጠይቅልሻለሁ" አልኋት። ይህን ስላት አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ እያዞርሁ ነበር። ልጄ ፊቴን ሳይሆን እጄን አየችና ተነሥታ ሄደች።

እሑድ ጠዋት አለምነሽ "ይኸን ጉድህን አንሣልኝ" አለች። ቢነሣ ይፈርሳል። ተከራከርን፤ በስንት ልመና በሩ እንዳለ ግድግዳ ሥር ተጠግቶ ነጭ ጨርቅ ለበሰ። ያልገጠመውን ሰማይ ሲኒያው ላይ አድርጌ፣ በአለምነሽ ሻሽ ሸፍኜ፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አወጣሁት። እዚያ ዶሮም አትደርስ፣ ሐጂም አይደርሱ። ከራሴ በላይ ማራገቢያ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ግን መብራት ከጠፋ ስለሰነበተ ማራገቢያ መሆኑን ረስቼው፣ ጣራው አንዳች ነገር እንደበቀለበት አድርጌ ነበር የማየው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ፊት ፊት አያ ይርጋ፤ አያ ይርጋ ንግግር የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ችግራቸው ማቆሙን አለማወቃቸው ነው። ቀጥሎ ነጭ ጀላቢያቸውን የለበሱት ሐጂ ኑሩ። መጨረሻ የይበልጣል አጎት፣ ዝምተኛ ሰው። ይበልጣል በደንቡ መሠረት አልገባም፤ ከጓደኞቹ ጋር ራክሻዎቻቸውን አሰልፈው ውጭ ይጠብቃሉ። ራሔልና እናቷ ጓዳ ናቸው።

"ግቡ" አልሁ። ገቡና ቆሙ። አያ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከዘር ሐረግ ጀመሩ። ከመተማ ወዲያ ማዶ ተነሥተው፣ ድንበር ተሻግረው፣ በስደቱ በኩል አድርገው፣ ወደ ገዳሪፍ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ሐጂ ደግሞ ዐይናቸው ነጩ ጨርቅ ላይ ነው፤ ከዘራቸውን በሳንቲም በሳንቲም ወደዚያ ሲያስጠጉት አያለሁ። እኔ በልቤ ጥያቄዬን እደጋግማለሁ። ሊቢያ። በሽማግሌ አፍ። ሳላስቀምጣቸው።

"…እናም ልጃችሁን ለልጃችን" አሉ አያ ይርጋ፣ ደረሱ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አልሁ።

ይህን እንዳልሁ መብራት መጣ። ሰፈሩ በሙሉ "ከህረባ ጃት!" ብሎ ጮኸ፤ እልልታ፣ ጭብጨባ፣ ከሦስት ቤት ሬዲዮ። ያ ጣራው ላይ የበቀለ ነገር ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ከዚያ አበደ። የአለምነሽ ሻሽ ብድግ አለ፣ የማራገቢያውን ክንፍ ያዘ፣ የሲኒያውን ጫፍ ጎተተው። ሲኒያው ሲወርድ የሰማው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ የተደወለ ነው የመሰለው። ሰማዩ ሽማግሌዎቹ ላይ ዘነበ። በአያ ይርጋ ጋቢ እጥፋት፣ በሐጂ ቆብ፣ በአጎትየው የደረት ኪስ ገባ። የቀረው ወለሉን አለበሰው።

አያ ይርጋ ጨዋ ናቸው፤ እንዳላየ ሆነው "ጥያቄህን ቀጥል" ለማለት አንድ እርምጃ ወደፊት ራመዱ። የጭቃ ጫማቸው ሰማዩ ላይ አረፈ። ቀጨም ሲል ሰማሁት። ሐጂ ደግሞ ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ በሌላኛው እግራቸው ሌላ ረገጡ። የኔ ነገር! የስንት ቀን ልፋቴ ዐይኔ እያየ ሲጨፈለቅ ልቤን ምን እንደነካው አላውቅም።

"አያ ይርጋ፣ እግርዎን! ሐጂ፣ እንዳይንቀሳቀሱ! ኧረ ተቀመጡ! ሁላችሁም ተቀመጡ፣ እግራችሁን ወደ ላይ አድርጉ!"

ከዚያ ሦስቱም በዚያ ዕድሜ አይቼ በማላውቀው ፍጥነት አግዳሚው ወንበር ላይ ዱብ ዱብ አሉ። እግራቸውንም፣ እንደ ታዘዙት፣ ከወለሉ አነሡ።

"እግዚአብሔር ያክብርልን" አሉ አያ ይርጋ፣ እግራቸው በአየር ላይ እንዳለ። "እኔስ ብዙ ቀጠሮ የምትሰጠን መስሎኝ ነበር።"

ዝምተኛው አጎት ስልካቸውን አወጡና በሕይወታቸው ጮኸው የማያውቁትን ጩኸት ጮኹ፤ "ተቀምጠናል! ተቀምጠናል በላቸው!" ውጭ የቆሙት ራክሻዎች በአንድ ጊዜ ጥሩምባቸውን ለቀቁት።

ከጓዳ ግን እልልታ አልወጣም። ልጄ በዕድሜዋ አንድ ነገር ብትለምነኝ፣ ለካርቶን ቁራጭ ብዬ ሸጥኋት። እንደምንም አስነሥቼ መጠየቅ አለብኝ አልሁ።

"ቅድም ተቀመጡ ያልሁት…"

"ያልኸው ተብሏል" አሉ አያ ይርጋ።

"እስቲ ለጸሎት እንነሣ።"

"ተቀምጠንም እግዜር ይሰማናል።"

"አግዳሚው ሥር ጊንጥ አይቻለሁ።"

"ጊንጥማ ካለ" አሉ ሐጂ፣ "እግራችንን እንኳን አናወርድም።"

ይህን ሲሉ ሐጂ ከቆባቸው ውስጥ ያወጧትን ቁራጭ ይዘው፣ በከዘራቸው ነጩን ጨርቅ ገልጠው፣ ከተቀመጡበት ጎንበስ ብለው አስገቧት። "ገባች!" አሉ።

እኔ በዚያች ሰዓት፣ ልጄ መጋረጃ ወዲያ እያለች፣ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? "የትኛዋ ናት?" ብዬ ለማየት ሄድሁ። ከአያ ይርጋ ጋቢ ላይም አንዲት ለቀምሁ።

መጋረጃው ተገለጠ። ራሔል ወጣች። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ባለበት ልጅቱ አትወጣም፤ አለምነሽ ከኋላ ቀሚሷን ይዛ ስትጎትት ይታየኛል። የራሔል ዐይን ቀልቷል። እኔን አላየችኝም።

"አባቶቼ" አለቻቸው፤ "ተነሡልኝ።"

አያ ይርጋ ደነገጡ። "ልጄ፣ ሽማግሌ አንዴ ከተቀመጠ…"

"አውቃለሁ። የተቀመጣችሁት በአባቴ ቃል ነው። የማገባው ግን እኔ ነኝ። ኸላስ፣ በቃ፣ ተነሡልኝ።"

አለምነሽ ቀሚሱን ለቀቀችው። መጀመሪያ የተነሡት ሐጂ ናቸው። "ልጅቷ ልክ ናት" አሉና ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። አያ ይርጋ ጉልበታቸው እየጮኸ ተከተሉ። አጎትየውም ተነሡ፤ ዐይናቸው ግን ወለሉ ላይ ቀረ።

"ይበልጣል ሊቢያ ይሄዳል ወይስ አይሄድም? እናንተ በአፋችሁ ንገሩኝ።"

አያ ይርጋ ወደ አጎትየው ዞሩ፤ ሐጂም ዞሩ። ማራገቢያው ሻሹን እየጎተተ ይዞራል። አጎትየው፣ "ለደላላው ቃል ሰጥቶ ነበር" አሉ። "ጭቃው ሲደርቅ ሊሄድ። ቀርቷል ይላል፤ እኔ ግን መቅረቱን አላውቅም።"

ራሔል አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ላለቅስ የደረስሁት። አንድ እግሬን ወዲያ፣ አንድ እግሬን ወዲህ እላለሁ፤ የት እንደምቆም ጠፋኝ።

"ጥሩት" አሉ አያ ይርጋ።

ይበልጣል ገባ። ሙሽራ ልሆን ነው ብሎ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። አያ ይርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በአጭሩ ተናገሩ፤ "ትሄዳለህ?"

"ሐሳቤ ነበር" አለ ልጁ። "አሁን የለም።"

"ደላላው ያውቃል?"

ይበልጣል ራሔልን አያት፤ እሷም አየችው፤ ዐይኗን አልመለሰችም። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ደወለ፣ ለአያ ይርጋ ሰጣቸው። "እርስዎ ይንገሩት" አለ። "እኔ ብነግረው መልሶ ያግባባኛል።"

አያ ይርጋ ስልኩን ተቀብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከዘር ሐረግ ጀመሩ። ከመተማ ወዲያ ማዶ ተነሥተው፣ ድንበር ሊሻገሩ ሲሉ ደላላው ዘጋው። ሁለተኛ ደወሉለት፤ ካቆሙበት ቀጠሉ። ሦስተኛ ሲደውሉ ደላላው ራሱ፣ "ልጁን ከስም ዝርዝሬ ፍቄላችኋለሁ፣ እባካችሁ አትደውሉ" ሲል ሁላችንም ሰማን።

"ዋስ ነኝ" አሉ አያ ይርጋ። "ዋስ ነኝ" አሉ ሐጂ። አጎትየው አሁን ቀና ብለው ዋስ ነኝ አሉ።

ራሔል ሦስቱን በየተራ አየቻቸው።

"አሁን ተቀመጡ" አለች።

ተቀመጡ። ይበልጣልም በሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። አለምነሽ ጓዳ ውስጥ እልልታዋን ለቀቀችው፣ የውጮቹ ራክሻዎችም ተቀበሏት። እኔም እንግዲህ ተገላገልሁ ብዬ ወንበር ስስብ ራሔል እጇን ዘረጋችብኝ።

"አንተ ግን ቆይ፣ ያባ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ እነሱ እንዳይሰሙ። "አንተን ገና አልጠየቅሁህም።"

ወንበሩን ለቀቅሁት። ሽማግሌዎቹ ሻይ እየተቀበሉ ሲመርቁ፣ እኔ በገዛ ሳሎኔ መሀል፣ ያችን ከአያ ይርጋ ጋቢ ላይ የለቀምኋትን ቁራጭ በጡጫዬ ይዤ፣ ልጄ እስክትጠይቀኝ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።